በቴሌቪዥን የሚታየው ጓሮና የመርሳ ተመልካች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቴሌቪዥን ስለሚቀርቡት የጓሮ አትክልት ዝግጅቶችና ስለ አቅራቢዎቻቸው በወልድያ፣ በመርሳና በጠቅላላው በሀብሩ ወረዳ ያሉ ተመልካቾች የሚሰጡትን አስተያየት መመርመር ነው። ጽሑፉ የቁጥር ጥናት አይደለም፤ መጠይቅ አልበተንሁም፣ ሠንጠረዥም አላዘጋጀሁም። ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ተቀምጬ ዝግጅቶቹን በማየት፣ ሰው እያየ የሚለውንም በመስማት የደረስሁበትን ሐሳብ ብቻ አቀርባለሁ። አንድን ጣቢያ ወይም አንድን ጋዜጠኛ ለይቼ አልነቅፍም፤ ጉድለቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የልማድ ነውና።

በመጀመሪያ አንባቢ ስለ አገሩ ጥቂት ማወቅ ያስፈልገዋል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህ መንገድ የተጓዘ ሁሉ መርሳን የሚያስታውሳት በፍራፍሬዋ ነው። ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ በየወቅቱ በመንገድ ዳር ተደርድሮ አውቶቡስ ይጠብቃል። ነገር ግን ከሁሉ በላይ ለዚህ ሐተታ የሚጠቅመው ከፍታው ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መርሳ ወደ 1600 ሜትር ትወርዳለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ደግሞ 1850 ሜትር አካባቢ ይገኛል። እንግዲህ አንድ ሰው በሠላሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ አፋፍ ይደርሳል። ማንጎ በመርሳ እንደ ልብ ሲያፈራ በወልድያ ዳገት ላይ ያለው ዛፍ ግን ብዙ ጊዜ ቅጠል ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህን የማያውቅ የመርሳ ሕፃን የለም። የቴሌቪዥኑ ዝግጅት ግን አንዳንድ ጊዜ ያላወቀው ይመስላል።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ግብርና በዜናውም በልዩ ዝግጅቱም ሳይጠፋ ቢቆይም፣ የጓሮ አትክልት ግን ለብዙ ዘመን የትልቁ እርሻ ጭራ ሆኖ ነው የኖረው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የሚባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ዶሮው፣ ማሩና ከነዚህም ጋር የጓሮው ጎመንና ፍራፍሬ በማያ መስኮቱ ላይ ሰፊ ቦታ አገኘ። ይህ በራሱ መልካም ነው። ትዝብቴ በቅርጹ ላይ ነው። ቅርጹ በየጣቢያው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አቅራቢው ወደ አንድ ጓሮ ይገባል፤ ከባለቤቱ ጎን ይቆማል፤ ስንት ሥር እንደ ተከለና በዓመት ስንት ብር እንዳገኘ ይጠይቀዋል። ከዚያ የወረዳው ባለሙያ ወይም ኃላፊ ይቀርብና በሄክታርና በኩንታል የተሞላ ንግግር ያደርጋል። በመጨረሻ ሙዚቃ ይገባል፤ ካሜራው ወደ ሰማይ ወጥቶ አረንጓዴውን ከላይ ያሳያል። አለቀ።

ይህን የመርሳ ሰው እንዴት ያየዋል? ከእራት በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ሲታይ በመጀመሪያ የሚነሣው ነገር የአቅራቢው ጫማ ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ጭቃ ያልነካው ጫማ በመስኖ ጓሮ ውስጥ ሲቆም የሚታየው ሰው፣ እዚያ የደረሰው አሁን እንደ ሆነና ቶሎም እንደሚሄድ ተመልካቹ ይረዳል። ቀጥሎ እጁ ይታያል። ማይክሮፎን የያዘ እጅ አፈር አይነካም፤ ቅጠል ገልብጦ ነቀዝ አለበት የለበትም ብሎ አያይም። ባለቤቱ ራሱ እንኳ በካሜራ ፊት ሲቆም እጁን ወደ ኋላ አጣጥፎ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ ይመልሳል። በጓሮው ንጉሥ የሆነውን ሰው በገዛ ጓሮው እንግዳ ያደርጉታል ብለው የሚያዝኑ ሽማግሌ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ ይህ የማን አገር ነው? ከታች የሚጻፈው የክልልና የዞን ስም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ደጋ ነው ቆላ? ወንዝ አለው? ውሃው የማን ነው? ሰውዬውስ የማን ልጅ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የባላገር ወሬ ወዳድነት ነው ብሎ የሚንቅ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በሕንድ አገር ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ለገበሬዎች በቪዲዮ ትምህርት መስጠት ሲጀምር ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። ተመልካቾቹ አስቀድመው የሚጠይቁት በቪዲዮው የሚታየው ገበሬ ስሙ ማን እንደ ሆነና ከየትኛው መንደር እንደ መጣ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ባለሙያውን ከካሜራው ፊት አንሥቶ በምትኩ የመንደሩን ገበሬዎች ተዋናይ አደረጋቸው፤ ይኸው ዘዴ በኋላ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። የመርሳ ሰው የማን አገር ነው ሲል የሚጠይቀው፣ የማየው ነገር ለእኔ ይሆናል አይሆንም ብሎ ነው። ከዚህ የበለጠ ሳይንሳዊ ጥያቄ በበኩሌ አላውቅም።

ይህ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ምን እንደሚደርስ በቤተሰቤ ከደረሰው አንድ ነገር ላስረዳ። አክስቴ በመርሳ ከተማ ዳር ትኖራለች። ከዓመታት በፊት አንድ ምሽት በቴሌቪዥን ስለ አፕል ተክል አየች። ጓሮው ያለው በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ነበር፤ ጨንቻ በአፕል የታወቀ አገር መሆኑን ማንም ያውቃል። ባለጓሮው ችግኝና ፍሬ ሸጦ ልጆቹን እንዳስተማረ ተናገረ። አቅራቢው ደግሞ ይህን ተሞክሮ በመላ አገሪቱ ማስፋት እንደሚገባ አሳስቦ ተሰናበተ። አክስቴ በዚያ ሰሞን ችግኝ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ጊዜ አራት አፕል ገዛች፤ ዋጋው ለእሷ ቀላል አልነበረም። ለአፕሎቹ ቦታ ለመስጠትም ሁለት ያረጁ የብርቱካን ዛፎች አስቆረጠች።

አፕል ብርድ የሚሻ ዛፍ ነው። ቅጠሉን አራግፎ ለተወሰነ ጊዜ በብርድ ካላረፈ እንቡጡ በደንብ አይነቃም። ጨንቻ ከ2700 ሜትር በላይ ላይ ስለ ሆነች ይህን ብርድ ታገኛለች፤ መርሳ ግን ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከዚህም በላይ አብዛኛው የአፕል ዐይነት ከሌላ ዐይነት የሚመጣ ብናኝ ካላገኘ ፍሬ አይዝም፤ ስለዚህ አንድ ዐይነት ብቻ ደርድሮ መትከል አይበቃም። ይህን ሁሉ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዝግጅቱ ውስጥ ግን አልተነገረም። የአክስቴ አፕሎች አደጉ፣ ለመለሙ፤ አንዱ አንድ ጊዜ ጥቂት አበባ አሳየ፤ ፍሬ ግን አልሰጡም። እሷ ያዘነችው በችግኝ ሻጩ ብቻ አይደለም። ሻጭ ይዋሻል፤ ይህን አስቀድማ ታውቃለች። ያዘነችው ያ መልካም ልብስ የለበሰ ልጅ፣ ለሁሉም አገር ይሆናል ሲል አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠራጠሩ ነው።

አንድ ሰው ይህን የአንዲት ሴት ገጠመኝ ነው ሊል ይችላል። ነው። ነገር ግን ዐይነቱ ብዙ ነው፤ ለምሳሌ ፓፓያን እንውሰድ። ፓፓያ የመርሳ ፍሬ ነው፤ ከተተከለ ዓመት ሳይሞላው ሊያፈራ ስለሚችል ለጓሮ ዝግጅት የሚመች ነው፤ ስለዚህ ደጋግሞ ይታያል። ሆኖም ከዘር የሚበቅል ፓፓያ ወንዴም ሴቴም፣ ሁለቱንም በአንድ የያዘም ሊሆን ይችላል፤ አበባው እስኪወጣ ድረስም አይለይም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በአንድ ጉድጓድ ሦስት ያህል ችግኝ ይተክልና አበባው ሲታይ ወንዴውን ነቅሎ ለብናኝ የሚሆን ጥቂት ብቻ ያስቀራል። በማያ መስኮቱ ላይ ግን አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ችግኝ፣ አንድ ፈገግታ ነው ያየሁት። እንደዚሁም ማንጎና አቮካዶ ከፍሬው ተዘርተው ሲበቅሉ ብዙ ዓመት እንደሚያስጠብቁ፣ የተዳቀለው ችግኝ ግን ቶሎ እንደሚደርስና እንደ እናቱ ዐይነት ፍሬ እንደሚሰጥ ሳይነገር፣ ሁለቱም ችግኝ ተብለው ያልፋሉ። በገበያ ግን ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እኔ ከሁሉ የከፋ ጉድለት የምለው ዝግጅቱ ወደ ጓሮው ተመልሶ አለመሄዱን ነው። ጓሮ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ጓሮ ማለት ዘር፣ ጥበቃ፣ አረም፣ ተባይ፣ የውሃ ወረፋ፣ ከዚያም ፍሬ ወይም ኪሳራ ነው። ዝግጅቱ በአረንጓዴው ቀን ይመጣል፤ በሌላው ቀን አይመጣም። ተመልካቹ የሚያየው ድሉን ብቻ ስለ ሆነ ከድሉ የሚማረው የለም። ገበሬ ከጎረቤቱ የሚማረው ጎረቤቱን ዓመቱን ሙሉ ስለሚያየው ነው፤ ሲያዝንም ሲያፍርም ያየዋል።

በዚህ ረገድ የእንግሊዞች ልምድ ሊጠቅመን ይችላል። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚታየው ጋርድነርስ ወርልድ የተባለው የጓሮ ዝግጅት በዚያ አገር ተመልካች ዘንድ እንደ ቤተሰብ ነገር ነው፤ አቅራቢው በተለወጠ ቁጥር ክርክር ይነሣል። የክርክሩን ታሪክ ስንመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ተመልካቹ አጥብቆ የወደዳቸው አቅራቢዎች በገዛ ጓሯቸው የሚሠሩት ናቸው። ፐርሲ ትሮወር ቤቱንና ጓሮውን ራሱ በመሠረተው ቦታ ያሳይ ነበር። ጄፍ ሐሚልተን ከ1979 እስከ ሞተበት እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በባርንስዴል ጓሮው ውስጥ፣ ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰው የሚሆን ሥራ እየሠራ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ የመጣው አለን ቲችማርሽም የገዛ ጓሮውን ነው ያሳየው። ከዚያ በኋላ ግን ጣቢያው ራሱ ያዘጋጀው ቦታ መጣ። በ2009 እ.ኤ.አ. ዝግጅቱ አዲስ መልክ ሲሰጠው የተመልካቹ ቅሬታ በዛ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ሞንቲ ዶን እንደገና ተጠርቶ ከገዛ ጓሮው ማቅረብ ጀመረ። ይህ ሰው በአትክልት ሙያ መደበኛ ትምህርት የለውም። ተመልካቹ ግን በየሳምንቱ ያንኑ አጥር፣ ያንኑ አልጋ፣ ያንኑ የበሰበሰ ወይም የጸደቀ ተክል ስለሚያይ አመነው።

ስለ ፐርሲ ትሮወር አንድ ነገር ልጨምር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለአንድ የኬሚካል ኩባንያ ማስታወቂያ ለመሥራት በመስማማቱ ቢቢሲ ከዝግጅቱ አሰናበተው። ቅጣቱ የበዛ ሊመስል ይችላል። ሐሳቡ ግን ግልጥ ነው፤ ስለ መድኃኒት የሚመክር አፍ ከመድኃኒት ሻጭ ገንዘብ ከተቀበለ ምክሩ ምክር መሆኑ ይቀራል። የእኛ ዝግጅቶች መካከል ላይ የዘርና የማዳበሪያ ስፖንሰር ስም ሲነበብ ይህን አስባለሁ።

በሌላ በኩል የሚነሣ ብርቱ ክርክር አለ፤ በኮሌጃችንም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ይኸውም የቴሌቪዥን ሥራ ማነሣሣት እንጂ ማስተማር አይደለም፤ ዝርዝሩ የግብርና ባለሙያው ድርሻ ነው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ሐረርጌ በዶባ ወረዳ በስድሳ አራት መንደሮች የተደረገው ጥናት ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ይሰጣል። አጥኚዎቹ፣ ከእነርሱም መካከል ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ይገኛሉ፣ ከዚያው አካባቢ ተነሥተው ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞች ለገበሬዎች አሳዩ፤ ሌሎቹ ተራ የመዝናኛ ዝግጅት እንዲያዩ ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሞቹን ያዩት ሰዎች ስለ ወደ ፊታቸው ያላቸው ምኞት ከፍ ብሎ፣ በቁጠባና ልጅን ትምህርት ቤት በማስገባት በኩልም መጠነኛ ለውጥ ታይቷል። እንግዲህ ማየት ብቻ ሰውን ያነሣሣል ማለት ነው። ነገር ግን ፊልሞቹ ምን ያሳዩ እንደ ነበር ልብ ማለት ያሻል። በፊልሞቹ የታዩት ሰዎች የተመልካቾቹን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ኑሯቸውን ከተመልካቾቹ ኑሮ የጀመሩ፣ እዚያ የደረሱበትንም መንገድ ራሳቸው የሚተርኩ ነበሩ። ከጨንቻ ወደ መርሳ የመጣው ማነሣሣት ግን መንገዱን ትቶ መድረሻውን ብቻ ነው የያዘው። ደግሞም የግብርና ባለሙያው ዝርዝሩን ይነግራል የሚለው ነገር፣ ባለሙያው የስንቱን ቤት ደጃፍ ለመርገጥ እንደሚችል ሳይታሰብ የተባለ ነው። ለአክስቴ አፕል ማንም ባለሙያ አልመጣም። ቴሌቪዥኑ ግን መጥቶላት ነበር።

በኬንያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀረበው ሻምባ ሼፕ አፕ የተባለው ዝግጅት መካከለኛ መንገድ ያሳያል። አቅራቢዎቹ ወደ አንድ አነስተኛ ገበሬ ቤት ይሄዳሉ፤ ባለሙያም ይዘው ይሄዳሉ። የሚጀምሩት ግን ከጉድለቱ ነው፤ ዶሮው ለምን ሞተ፣ በቆሎው ለምን ገረጣ፣ ጣሪያው ለምን ያፈስሳል ብለው። ተመልካቹ የገዛ ቤቱን ጉድለት በሌላው ቤት ያያል፤ መድኃኒቱም ከነወጪው ይነገረዋል። የእኛ ዝግጅት የሚመርጠው ሞዴል የተባለውን ገበሬ ነው። ሞዴል ደግሞ ጉድለት የለውም፤ ቢኖረውም በካሜራ ፊት አይናገረውም።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አቅራቢዎቹ በጓሮ የሚያገኙትን ሁሉ አርሶ አደር ይሉታል። ቃሉ አርሶ የሚያድር ማለት ነው። በእኛ አገር በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የወንድ ሥራ ነው፤ ጓሮ ግን አይታረስም፤ በዶማና በመኰትኰቻ ይቈፈራል፣ ይኰተኰታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሴት ነው። አክስቴ ሙሉ ዕድሜዋን ጓሮ ስትሠራ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ማረሻ አልጨበጠችም። አርሶ አደር እገሊት ተብላ ብትጠራ ሰው የሚስቅባት ይመስላታል። ጥፋቱ የቃል ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን ቃሉ ዐይንንም ይመራል። ካሜራው ወደ ግቢ ሲገባ ባልን ይፈልጋል፤ ባልም ሚስቱ የተከለችውን እየጠቆመ ተከልሁ ይላል። ሚስት በዚያን ጊዜ ለእንግዶቹ ቡና ታፈላለች። ይህን ትዕይንት በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ በመርሳ ሳሎንም ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው የሚሥቁት በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህም ጋር የተያያዘ ሌላ ጉድለት አለ። በሀብሩ ጓሮ ውስጥ ያለው ጎመንና ካሮት ብቻ አይደለም። ጌሾ አለ፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አሪቲና ጠጅ ሣር አለ፤ ሸንኮራ አገዳና ቃሪያ አለ፤ በአንዳንዱም ቡናና ጫት አለ። ከነዚህ ብዙዎቹ የሴቲቱን ጉሊት የሚያቆሙ ናቸው። የማያ መስኮቱ ጓሮ ግን በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ስም ያላቸውን ብቻ ያውቃል። ጤና አዳም በኩንታል አይቈጠርምና አይታይም።

ቋንቋን በሚመለከት ተመራማሪዎች ከጋዜጠኞች የተሻለ የሠሩበት አንድ ምሳሌ አስታውሳለሁ። አቀንጭራ የተባለው አረም የወሎን ማሽላ ሲያጠፋ ኖሯል። እርሱን ለመቋቋም ከወጡት የማሽላ ዐይነቶች፣ ማለት በፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ምርምር መሠረት ከተገኙት፣ አንዱ አብሽር የሚል ስም ተሰጥቶታል። አብሽር በወሎ ለደከመውና ላዘነው ሁሉ የሚባል ቃል ነው። ስሙን የሰማ የሀብሩ ገበሬ ዘሩ ለምን እንደ መጣ ማብራሪያ አያሻውም። አቅራቢዎቻችን ግን ምርታማነትን የሚያሳድግ ቴክኖሎጂ ብለው ይጀምራሉ።

ስለ አክብሮትም ተመልካቹ ዝም አይልም። ወሎ ታላቅን አንቱ ብሎ የሚጠራ አገር ነው። ወጣቱ አቅራቢ የሰባ ዓመት ሽማግሌን አባቴ እያለ፣ ወዲያው ግን ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ማይክሮፎኑን ሲያነሣባቸው፣ አባቴ የሚለው ቃል ከስድብ ይልቅ ይከብዳል። ሽማግሌው ሊናገሩ የነበሩት ምናልባት ስለ ውሃው ይሆናል። በመስኖ አገር ውሃ በወረፋ ነው፤ ወረፋውን የሚያዝ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ የውሃ አባት አለ። ሌሊት ወረፋው ደርሶት በፋኖስ የሚያጠጣ ሰው ጓሮውን እንዴት እንደሚያቆም እስካሁን በአንድ ዝግጅት ላይ አላየሁም። ውሃ የሌለበት የጓሮ ትምህርት ደግሞ ሊጥ የሌለበት የእንጀራ አጋገር ትምህርት ነው።

አሁን ለአቅራቢዎቹ ላድላ። እነዚህ ወጣቶች በአንድ መኪና፣ በተለካ ነዳጅ፣ በጥቂት ቀን ብዙ ወረዳ ዞረው እንዲመለሱ ይታዘዛሉ። ኃላፊ ካልተናገረበት ዝግጅቱ ላያልፍ ይችላል። ደግሞም ተመልካቹ ሁሉንም አይጠላም። አንድ ጊዜ አንድ አቅራቢ ማይክሮፎኑን ለባለጓሮዋ ሰጥቶ ዶማውን ተቀበላትና ሊቈፍር ሞከረ። አያያዙ የሚያሥቅ ነበር፤ እሷም ሣቀችበት፤ እንዴት እንደሚይዝ አሳየችው። ሳሎኑ በሙሉ ሣቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ያ ልጅ ይቀርባል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ስሙን ማንም አልያዘውም፣ ነገር ግን ያ ቁፋሮ የማይችለው ልጅ ብለው ለብዙ ጊዜ አነሡት። አለማወቁን ያልደበቀ ሰው ስለ ሆነ የቀረውን ነገሩን አመኑት። ከነዚህ ሁሉ ዝግጅቶች መካከል ሴቲቱ ያለችው ቃል በቃል ሲደገም የሰማሁት የዚያን ብቻ ነው፤ የሽንኩርት ችግኝ ሲዛወር ምን ያህል ጥልቀት እንደሚያስፈልገው ነበር የተናገረችው።

የ2014 ዓ.ም.ን መጀመሪያ ሳላነሣ ማለፍ አይቻለኝም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ መብራትም ቴሌቪዥንም አልነበረም፤ ገበያም አልነበረም። ብዙ ቤት የተረፈው በጓሮው ነው፤ ዱባ፣ ጎመን፣ ያልበሰለ ፓፓያ ሳይቀር ተቀቅሎ ተበልቷል። የትኛው ተክል ያለ ውሃ እንደ ቆየ፣ የትኛው ቀድሞ እንደ ጠፋ፣ ዘር እንዴት እንደ ተደበቀ የሀብሩ ሴቶች ያውቃሉ። ይህ የተከፈለበት እውቀት ነው። ከዚያ በኋላ ባየኋቸው የጓሮ ዝግጅቶች ውስጥ ግን ስለዚያ ወራት ጓሮ አንዲት ሴት ስትጠየቅ አልሰማሁም።

ምን ቢደረግ ይሻላል? የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ሦስት ጓሮ ይመረጥ፤ አንዱ በወልድያ፣ አንዱ በስሪንቃ፣ አንዱ በመርሳ። ባለቤቶቹ ሞዴል የተባሉ አይሁኑ። ያንኑ ዘር በአንድ ሳምንት ይዝሩ፤ ዝግጅቱም ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው ወደ ሦስቱ እየተመለሰ የቱ እንደ በቀለ፣ የቱ እንደ ደረቀ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ወጣና እንደ ገባ ያሳይ። የከፍታ ትምህርት ከዚህ በተሻለ በምን ይሰጣል? ባለሙያ ሲያስፈልግ ስሪንቃ በመንገዱ ላይ ነው፤ በመርሳ የግብርና ኮሌጅ አለ። ከሩቅ ከተማ የሚመጣ የጋዜጠኛ ቡድን በዚህ ዘመን በየሳምንቱ በዚያ መንገድ ሊመላለስ እንደማይችል አውቃለሁ። ግን መምጣት አያስፈልገውም። በእጅ ስልክ የሚነሣ ምስል ለዚህ ይበቃል፤ የኮሌጁ ተማሪዎች ሊያነሡትና ሊልኩት ይችላሉ፤ ጓሮው የእነርሱ ጎረቤት ነውና ጫማቸው ጭቃ ይነካል። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ መምህራን መካከል በተግባር ሊሞክረው የሚፈልግ ቢኖር የመርሳውን ጓሮ እኔ ልጠቁም እችላለሁ። ባለቤቷ ጠያቂ ናት፤ ከመስማማቷ በፊት አቅራቢው ከየት አገር እንደ ሆነና ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚመጣ ማወቅ ትፈልጋለች። አራቱ አፕሎች እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ገመድ ወጥራ ልብስ ታሰጣባቸዋለች።